ወደማይመጣው ሕመምተኛ የሄዱ ሰዎች



እዚህ ሳንጃ ልጆች በማቀራበት መድረሳ የፊቅህ ትምህርት ስንጀምር፣ መጀመሪያ ከምናስጠናቸው ነገሮች አንዱ ሶላት በማን ላይ ግዴታ እንደሚሆን ነው። ሙስሊም መሆን፣ ለአቅመ አዳም መድረስ፣ ዐቅል መኖር። ልጆቹ ሦስቱን በዜማ ይሸመድዷቸዋል፤ ሲጠየቁም ሳይተነፍሱ ይመልሳሉ። አንድ ማታ ዕድሜው 12 ቢሆን ነው፣ ዝምተኛ የሆነ ደረሳ እጁን አወጣና፣ «ኡስታዝ፣ ዐቅሉ የጠፋ ሰው ሶላት የለበትም ብለውናል። እሺ፣ እሱ የለበትም። ለእሱ ግን እኛ ምን አለብን?» ሲል ጠየቀኝ።

«ዱዓ እናደርግለታለን፣ እንራራለታለን» አልኩትና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፍኩ። የመጽሐፍ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የልጁ ታላቅ ወንድም ወደ መተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ታሞ ከተመለሰ ጀምሮ ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ይኖር ኖሯል። እኔ በዚያ አጥር ሥር 4 ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ አልፌያለሁ። በረመዳን በዚያ ቤት ተጋብዤ አፍጥሬያለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዐቅል ያጣ ሰው ግዴታው ይነሳለታል እንጂ መብቱ አይነሳበትም። በሱረቱ ኒሳእ መግቢያ አካባቢ፣ ሀብታቸውን ማስተዳደር ለማይችሉ ሰዎች ገንዘባቸው እንዲጠበቅላቸው፣ ከዚያም እንዲበሉና እንዲለብሱ፣ በመልካም አነጋገርም እንዲያናግሯቸው መታዘዙን ተፍሲር የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ሰውየውን ለማብላትም ሆነ በመልካም ለማናገር አስቀድሞ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የልጁ ጥያቄ ያሳፈረኝ በዚህ በኩል ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ተሸክመውት ይመጣል፤ ወባ የያዘው ሰው ራሱ «ውሰዱኝ» ይላል። አእምሮው የታመመ ግን ብዙውን ጊዜ መታመሙን አያምንም፤ ቤተሰቡ ደግሞ ይደብቀዋል። ስለሆነም በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ሐኪም ቤት፣ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹን አያገኛቸውም። ታዲያ ወደእነሱ የሄደ ማን ነው? ይህን ጉዳይ ጎንደር ጤና የሚማር አንድ የቀድሞ ደረሳዬ ባመጣልኝና በተረጎመልኝ ጽሑፎች፣ እንዲሁም በዐረብኛ ካገኘኋቸው የታሪክ መጻሕፍት ተከታትዬዋለሁ። ታሪኩ ከገመትኩት በላይ የቆየ ነው።

የሚጀምረውም ከእኛው ሰዎች ነው። አቡ ዘይድ አል-በልኺ በ235 ዓመተ ሂጅራ (850 እ.ኤ.አ.) ገደማ በበልኽ አካባቢ ተወልዶ በ322 (934 እ.ኤ.አ.) የሞተ ዓሊም ነው። በጂኦግራፊ ሊቅነቱ የሚታወቅ ቢሆንም፣ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ደህንነት የጻፈው «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተባለ ኪታብ ለዚህ ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅመናል። በዘመኑ የነበሩት ሐኪሞች አካልን ብቻ እያከሙ ነፍስን መተዋቸውን ይወቅሳል። አካሉን ሳይታመም ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ቁጣና ወስዋስ የማይጎበኘው ሰው ግን የለም ይላል። ሐዘንንም ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ ብሎ ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለተኛው ከአካል የሚመነጭ ስለሆነ በአካል ሕክምና መታየት እንዳለበት ያስረዳል። በጣም የገረመኝ ግን ምክሩ ነው። አስተዋይ ሰው ድንገት ለሚነሳ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በሰላሙ ቀን መልካም ሐሳቦችን ለክፉ ቀን ማጠራቀም አለበት ይላል። ይህ ምክር የተሰጠው ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለጤነኛውም፣ ለሕዝቡ ሁሉ ነው።

አል-በልኺ በሕይወት ሳለ፣ በባግዳድ ደግሞ ሌላ ነገር ተፈጸመ። በዐባሳዩ ኸሊፋ በአል-ሙቅተዲር ዘመን (908–932 እ.ኤ.አ.) ወዚር የነበረው ዐሊ ኢብን ዒሳ ለሐኪሞች አለቃ ለሲናን ኢብን ሣቢት ደብዳቤ ጻፈ። ወህኒ ቤት ያሉ ሰዎች ከብዛታቸውና ከቦታው ክፋት የተነሳ መታመማቸው አይቀርም፤ ወጥተውም ሐኪም መፈለግ አይችሉም፤ ስለዚህ በየቀኑ ሐኪሞች ይግቡላቸው የሚል ትእዛዝ ነበር። ቆየት ብሎም ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ። በሰዋድ ገጠር ሐኪም ስለሌለ፣ ሐኪሞች የመድኃኒት ሣጥን ይዘው ከመንደር መንደር ይዙሩ፤ በየቦታውም የሚያስፈልገውን ያህል ይቆዩ አለ። ሐኪሞቹ ሱራና ነህር መሊክ የተባሉ፣ አብዛኛው ነዋሪ አይሁድ የሆነባቸው ቦታዎች ሲደርሱ ሲናን «እነዚህን እናክም ወይ?» ብሎ ወዚሩን ጠየቀ። መልሱ ከሙስሊሙ ጀምራችሁ ለሌላውም ዳርሱ፣ ከሰውም ቀጥሎ እንስሳው ይታከም የሚል ነበር። ይህን ታሪክ የሐኪሞችን ታሪክ የጻፉት ኢብን አቢ ኡሰይቢዓና አል-ቂፍጢ መዝግበውታል። እርግጥ ደብዳቤዎቹ ስለ በሽታ ሁሉ እንጂ ስለ አእምሮ ሕመም ተለይተው የተጻፉ አይደሉም። ቢሆንም «መምጣት የማይችል ሰው ካለ ሐኪሙ ይሂድ» የሚለውን ሐሳብ ከ1,000 ዓመት በፊት የመንግሥት ሥራ ያደረገ ሰው ነበረ።

ብዙዎቻችን የምናወሳው የቢማሪስታኖችን ታሪክ ነው፤ እኔም ደጋግሜ በኹጥባ ሰምቼዋለሁ። ኑረዲን ዘንጊ በ1154 በደማስቆ፣ ሱልጣን ቀላዊን በ1284 በካይሮ፣ አርጉን በ1354 በሐለብ፣ ሁለተኛው ባየዚድ በ1488 በኤዲርኔ ያሠሯቸው ሆስፒታሎች በወቅፍ ይተዳደሩ ነበር፤ ለአእምሮ ሕሙማንም የተለየ ስፍራ ነበራቸው። በኤዲርኔ የውሃ ድምፅና ዜማ ለሕሙማኑ ይሰማ እንደነበር በ17ኛው ምዕተ ዓመት ኤውሊያ ቸለቢ ጽፏል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ታሪክን ግማሹን ብቻ መንገር ልማድ ሆኖብናል። ወቅፉ ሲመናመንና ጠባቂ ሲያጣ ያው የካይሮው ቢማሪስታን ወረደ፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የጎበኙት ሰዎች ሕሙማኑን በሰንሰለት ታስረው ነው ያገኟቸው። ግንቡ ያው ነበር፤ የተሟጠጠው ገንዘቡና አሳቢው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ለአእምሮ ሕሙማን የተሠራው የመጀመሪያው ሆስፒታል አማኑኤል ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላው ኢትዮጵያ ያው አንዱ ብቻ ነበር። ከመተማም፣ ከሞያሌም፣ ከጅግጅጋም የታመመ ሰው ዕድል ካገኘ ታስሮ በመኪና ተጭኖ ወደዚያው ይወሰድ ነበር። የሆስፒታሉ ስም ራሱ በየሰፈሩ መሳደቢያ እስከመሆን ደረሰ፤ «ከአማኑኤል ያመለጠ» ሲባል ያልሰማ የለም። እዚያ ለሠሩት ሐኪሞች ፍርዱ የሚገባ አይመስለኝም። ሕዝቡ በጠቅላላ የአእምሮ ሕመምን ከአንድ አጥር ጀርባ ያለ ነገር አድርጎ ማየቱ ግን እውነት ነው። ሐኪም እንኳ እጅግ ጥቂት ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1987 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል ባይጀመር ኖሮ በየክፍለ ሀገሩ ሕሙማንን የሚያይ ሰው ባልኖረ ነበር።

የሚገርመው፣ ወደ ሕዝቡ የመሄድ ዘዴ በሌላ በሽታ ለእኛ ለጎንደሬዎች አዲስ አልነበረም። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ በተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በማግሥቱ በ1954 የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። እዚያ የሚሠለጥኑት የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች ሆስፒታል ተቀምጠው ከሚጠብቁ ይልቅ ወደ መንደር እንዲወጡ የታሰቡ ነበሩ። በ1959 ደግሞ የወባ ማጥፋት አገልግሎት ተቋቋመ። እኔ ልጅ ሆኜ የወባ ሰዎች ፓምፕ ተሸክመው ይመጡና እቃችንን ሁሉ ደጅ አስወጥተው ግድግዳውን ዲዲቲ ይረጩ ነበር። ማንንም «ታመሃል ወይ?» ብለው አይጠይቁም፤ ሁሉንም ቤት ይረጫሉ። እናቴ ሽታውን እየረገመች ቡና ታፈላላቸው ነበር። ያን ጊዜ የአእምሮን ሕመም እንዲህ ቤት ለቤት የሚፈልግ ሰው ይመጣል ብሎ ማን አሰበ?

ከድንበር ማዶ ግን ያሰበ ሰው ነበር። ሱዳናዊው ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሒ በ1911 ተወልዶ በ1970 የሞተ ሲሆን፣ ብዙዎች የአፍሪካ የአእምሮ ሕክምና አባት ይሉታል። እንግሊዝ አገር ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በሰሜን ኻርቱም የነርቭ ሕሙማን ክሊኒክ ከፈተ። ሕዝቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ፈኪዎች ማለትም በየመሲዱ ወዳሉት ሸኾች መሆኑን ስላወቀ እነሱን አልሰደበም፤ ከእነሱ ጋር ተነጋገረ፣ አብሯቸውም ሠራ። ቀጥሎም በዓለም ጤና ድርጅት የአካባቢያችን የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆነ። ከእሱ በኋላ ሌላው ሱዳናዊ ዶክተር ጣሃ በዓሸር በዚሁ መንገድ ገፋ። በ1980 የታተመ አንድ ጥናት ሱዳንን ጨምሮ በአራት አገሮች ወደ ተራ ጤና ጣቢያዎች የመጡ 1,624 ታካሚዎችን መረመረ። ከእነዚህ ውስጥ 13.9 በመቶው የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። አብዛኞቹ ግን «ተጨነቅሁ» ብለው አልመጡም፤ «ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ደከመኝ» ነበር ያሉት። የጤና ሠራተኞቹም ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የለዩት። የእኛ እናቶች በየጤና ጣቢያው ተራ ይዘው የሚሉትን ላዳመጠ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ፣ ዙሪያዋን በመስቃንና ማረቆ የሰፈረው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በ9 የገበሬ ቀበሌዎችና በ1 የከተማ ቀበሌ የሚወለደውንና የሚሞተውን ሁሉ መመዝገብ ጀመረ። ይህ መዝገብ ባይኖር የሚከተለው ሥራ አይታሰብም ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነ ዶክተር አታላይ ዓለም፣ ዶክተር ደረጀ ከበደና ዶክተር ተሾመ ሽብሬ የአእምሮን ሕመም በዚሁ ሕዝብ መካከል ማጥናት ጀመሩ። ከ1998 እስከ 2001 ባለው ጊዜም ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 68,378 ሰዎች በየቤታቸው ተጠየቁ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ቁጥር ሳታልፉት ቆም በሉበት! አንድ በአንድ፣ ከደጃፍ ደጃፍ፣ ውሻ እየጮኸባቸው፣ በጭቃም በአቧራም የተኬደ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ እስከዚያ ድረስ የአእምሮ ሕሙማን የሚቆጠሩት አማኑኤል በር ላይ በተሰለፉት ልክ ነበር። ቡታጅራ ላይ ግን ከተሰለፉት ውጭ ያሉት ተፈለጉ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ ሕመም በ1,000 ሰው መካከል 5 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተገኘ። ሌላው ከባድ የስሜት ሕመም፣ ባይፖላር የሚሉት፣ ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ ነበር። እጅግ አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ ለሕመማቸው የሐኪም መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም ነበር። ይህ ማለት ሕመሙ ከገጠሩ ሕዝብ መካከል ሁልጊዜ ነበረ፤ ያልነበረው የሚያየው ዓይን ነው።

ከዚህ ሥራ ውስጥ እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሁለት መንገድ ተጠቅመዋል። አንደኛው በዓለም የታወቀ ረጅም መጠይቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው የመንደሩን ዐዋቂ ሰዎች «ጠባዩ የተለወጠ፣ ከሰው የተገለለ፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው በአካባቢያችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መጠይቁ ያመለጡትን ሕሙማን እነዚህ የመንደር ሰዎች ጠቁመዋል። በተለይ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው «ድምፅ ትሰማለህ ወይ?» ሲባል «አልሰማም» ብሎ ያልፋል፤ ወይም በጥርጣሬ አፉን ይዘጋል፤ ጎረቤቱ ግን ያውቃል። እንግዲህ የሳይንስ ሰዎች በብዙ ድካም ያረጋገጡት ነገር፣ ሕመምተኛው የት እንዳለ የሚያውቁት እድርተኞች፣ የመስጂድ ጀመዓዎች፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች መሆናቸውን ነው። እኛም ሳንጃ ውስጥ እናውቅ ነበር። የጠየቀን አልነበረም እንጂ፣ ወይም ልናገር ብንል ለማን እንናገር!

ለምን ይደበቃሉ የሚለውንም አጥንተዋል። በ2001 በታተመ አንድ ጽሑፍ 178 የሕሙማን ቤተሰቦች ተጠይቀው፣ ከአራቱ ሦስቱ በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ተናገሩ። 37 በመቶው ዘመዳቸው መታመሙን ለመደበቅ እንደሚፈልጉ ገለጹ። ልጃቸው እንዳትታጭ፣ ዘራቸው እንዳይወራ መፍራታቸው ነው። 65 በመቶው ደግሞ ይሻላል ብለው የመረጡት ሕክምና ጸሎት ነበር። እዚህ ላይ ለእኛ ለዲን ሰዎች የሚቀር ነገር አለ። ሕዝቡ የሚያምነው እኛን ከሆነ፣ በሩን መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን ከሆነ፣ እኛ ደግሞ ቁርኣን ቀርተን «ጂን ነው፣ ይለቀዋል» ብለን ብቻ ከመለስነው፣ የታመመው ሰው ክፍሉ ውስጥ የሚቆይበትን ዓመት የጨመርንበት እኛ ነን። ጂን የለም የሚል ሙስሊም የለም። ነገር ግን የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንዲፈለግ ያዘዙ መሆኑን እያስተማርን፣ ለወባ ጤና ጣቢያ ልከን ለዐቅል ሕመም ግን የምንከለክልበት ማስረጃ የት ነው? ሩቅያ የሚቀራለት ሰው መድኃኒቱን መዋጥ አለበት የሚሉ ዓሊሞች በከተማ አሉ፤ በእኛ ቆላ ግን ገና ጥቂት ናቸው።

ስለ ጫት ሳላነሳ ብቀር አንባቢ ይታዘበኛል። በዚያው በቡታጅራ 10,468 ዐዋቂዎች ተጠይቀው ግማሾቹ ጫት ይቅሙ ነበር። ከሚቅሙትም 80 በመቶው ምክንያታችን ለጸሎት ልብን መሰብሰብ ነው ብለዋል። ይህን ለመፈተሽ ጉዳዩን ወደ ሌላ ማስተላለፍ አንችልም፤ የእኛው ጉዳይ ነው። ጫት ሁሉንም ያሳብዳል የሚል ማስረጃ አላየሁም፤ አልዋሽም። ሆኖም ሕመሙ ያለበት ሰው ሲቅም እንደሚባባስበት ሐኪሞች ይናገራሉ፤ እንቅልፍ የነሳነውን ልጅ ደግሞ ሌሊቱን «ዱዓ ነው» ብለን ማስቃም ምን ይባላል?

የሕሙማኑ መጨረሻ ከሁሉ ይከብዳል። በቡታጅራ የተመዘገቡ 919 ከባድ የአእምሮ ሕሙማን ለ10 ዓመት ተከታትለው ሲታዩ፣ 121 ሞቱ። ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር የሞታቸው መጠን እጥፍ ነበር። በአማካይ ሊኖሩት ከሚችሉት ዕድሜ ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ቀደም ብለው ነው የሞቱት። ገሚሱን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ማለትም ለሌላው ሰው መድኃኒት የሚገኝለት ሕመም። አእምሮው ስለታመመ «ሳልክ ወይ? አተኮሰህ ወይ?» የሚለው ሰው አጥቶ ነው። የእብድ ሕመም እብደት ብቻ ይመስለናልና።

ቡታጅራ ላይ ነገሩ በመቁጠር አልቆመም። ከጥናቱ ጋር ተያይዞ በቡታጅራ ሆስፒታል በአእምሮ ነርስ የሚመራ ክሊኒክ ተከፍቶ ለተገኙት ሰዎች ሕክምና ተሰጠ። ቀጥሎም ከ2011 ጀምሮ በአጎራባቹ ሶዶ ወረዳ የየጤና ጣቢያው ተራ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እንዲለዩና እንዲያክሙ ሠለጠኑ። በዚያው በሶዶ በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ሕሙማኑን የሚያስሩ ቤተሰቦችን አነጋግሮ ነበር። የሚያስሩት ከክፋት አይደለም። ይጠፋል፣ ሰው ይመታል፣ መኪና ይገጨዋል ብለው ነው፤ ሌላ መላ ሲያጡ ነው። ሰንሰለቱን ለማስፈታት ከሁሉ የሚቀርበው መንገድም ሕክምናውን ማቅረብ መሆኑን አሳየ። በ2022 የወጣው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል። 329 ከባድ ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ ቡታጅራ ሆስፒታል ያሉ የአእምሮ ነርሶች ዘንድ፣ ገሚሱ ደግሞ በየአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ታከሙ። ከአንድ ዓመት በኋላ የጤና ጣቢያዎቹ ሕክምና ከሆስፒታሉ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። መንግሥትም በ2012 የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሲያወጣ የያዘው ይህንኑ ሐሳብ ነበር፤ ሕክምናው ከአማኑኤል ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ጤና ጣቢያ ይውረድ የሚል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ቡታጅራ ከሳንጃ ምን ያህል ይርቃል ብዬ ማሰቤ አልቀረም። የታች አርማጭሆና የመተማ ቆላ የሰፋሪና የመጤ አገር ነው። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ወጣት ቁጥር የለውም። ሜዳ ላይ ያድራል፤ ወባና ካላዛር ይጠብቀዋል፤ ቢታመም እናት የለው፣ እድር የለው። የቡታጅራው መዝገብ ቤት ያለውን ሰው ነው የሚመዘግበው፤ የሰሊጥ ሠራተኛ ግን በማን ቤት ይቆጠራል? በዚህ ላይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ የእነ ቲጃኒ አል-ማሒ አገር ሰዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሰደዱ። በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን ውጊያ ተነሳ። እኛ ማታ መቅራት ትተን በቀን ብቻ የምናስቀራው ከዚያ ወዲህ ነው። ተኩስ ሲሰማ ሽንታቸውን የሚለቁ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች አሉኝ። እነዚህን ልጆች አል-በልኺ ቢያያቸው ምዕራፉን ከፍርሃት ይጀምር ነበር።

ለልጁ ጥያቄ መልስ ሳልሰጥ አልቀረሁም። ከአንድ ሽማግሌና ጤና ከሚማረው ከዚያ ደረሳዬ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቱ ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ ዋጋ ሲያጫውቱን ቆዩ። ሽማግሌው፣ «እኅቴ፣ የመጣነው ልንፈርድብሽ አይደለም፤ የእኔም ወንድም እንዲሁ ታሞ ነው የሞተው» ሲሏቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ከዚያም ተነሥተው ቁልፉን አመጡ። ወጣቱ ክፍሉ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ ጥፍሩ አድጓል፤ ሰላምታዬን በሙሉ መልሶልኛል። «ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ» ሲል ሳይረሳ መቆየቱ እኔን አስለቀሰኝ።

ጎንደር ተወስዶ መታየት ከጀመረ አሁን 8 ወሩ ነው። እንቅልፉ ተመልሷል፤ ከብት ያግዳል፤ ጁሙዓ ከጎኔ ይሰግዳል፤ አንዳንድ ቀን ብቻውን ሲያወራ እሰማዋለሁ። መድኃኒቱን በየወሩ የሚያመጣለት አጎቱ ሲሆን፣ መንገዱ የሚከፈትበት ቀን ግን አይታወቅም። ባለፈው ወር 11 ቀን ያለመድኃኒት ቆይቷል። እናቱ ክፍሉን ጎተራ አድርገውታል፤ ቁልፉን ግን አልጣሉትም፤ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት።